ፔዳል የሌለው ቢስክሌት፦ ለማስተማር መንዳት ማወቅ አያስፈልጋችሁም



በዚህ ወር የምንጽፍላችሁ ስለ ትናንሽ ልጆች ቢስክሌት ነው። «ይኼ ደግሞ የረቫሃ ጉዳይ ሆነ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ነው። ብዙዎቻችሁ የልጅ ልጆቻችሁን ከጋን ትቀበላላችሁ፤ ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመለሱ ትጠብቃላችሁ፤ ጋን ሲዘጋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አብራችኋቸው ትውላላችሁ። ልጁ 2 ወይም 3 ዓመት ሲሆነው ኦፋናይም ያምረዋል። የጎረቤት ልጅ አለው፣ የጋን ጓደኛውም አለው። ያን ጊዜ ብዙ አያቶች «እኔ በዕድሜዬ ቢስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ እንዴት አድርጌ ላስተምረው?» ይሉናል። ነገሩ ለአባትየው ይተዋል። አባትየው ማታ ደክሞ ይመጣል። ልጁም እያየ ይቀራል።

የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ልጅ ቢስክሌት እንዲለምድ ለመርዳት እናንተ መንዳት ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ይዞ መሮጥም የለም። ጉልበቱንና ወገቡን የሚያመው ሰውም ይችላል። እንዴት እንደሆነ እናስረዳችሁ።

ይህ ቢስክሌት ምንድን ነው?

ሁለት ጎማ፣ መቀመጫና መሪ አለው። ፔዳልና ሰንሰለት የለውም። ልጁ ተቀምጦ በሁለት እግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄዳል፤ ለመቆም ሲፈልግ እግሩን ያሳርፋል። በዕብራይስጥ «ኦፍኔይ ኢዙን» ይሉታል፣ የሚዛን ቢስክሌት ማለት ነው። ሱቅ ስትገቡ በዚህ ስም ጠይቁ። «ቢምባ» ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ቢምባ ሦስት ወይም አራት ጎማ ስላለው ልጁ ምንም ባያደርግ እንኳ አይወድቅም። ጥሩ መጫወቻ ነው፤ ሚዛን ግን አያስተምርም።

ይኼ የዛሬ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ቢስክሌት ራሱ ፔዳል አልነበረውም። በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ ማንሃይም በምትባል ከተማ ሁለት ጎማ ያለው የእንጨት መኪና ሠርቶ፣ ተቀምጦበት በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሄደ። ፔዳል ያለው ቢስክሌት ፈረንሳይ አገር የታወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1860ዎቹ ነው። ትልልቆቹም ሰዎች መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ፔዳሉን ነው የለመዱት። ለልጆቻችንም የሚሻለው ቅደም ተከተል ይኸው ነው።

ለምን ሚዛን ይቀድማል?

ቢስክሌት መንዳት ውስጥ ሁለት ትምህርት አለ። አንዱ ሳይወድቁ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ፔዳል በእግር ማዞር ነው። ከባዱ የመጀመሪያው ነው።

ቆሞ ያለ ቢስክሌት ይወድቃል፣ የሚሄደው ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ለምን መሰላችሁ? ቢስክሌቱ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ነጂው መሪውን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ወደሚወድቅበት በኩል ገብተው ከሥር ይደግፉታል። ወደ ግራም ሲያዘነብል እንደዚሁ ነው። ነጂው ይህን አስቦ አያደርገውም፤ ሰውነቱ ያደርገዋል። ስለዚህ በቃል ልታስረዱት የምትችሉት ነገር አይደለም። መንዳት የሚችለው አባትም ቢሆን ለልጁ በአፍ ሊነግረው አይችልም።

እናቶቻችን፣ እንስራ አዝላችሁ ከምንጭ ስትመለሱ ውኃው ወደ አንድ ጎን ሲናጥ ወገባችሁን እንዴት እንደምታስተካክሉ ማን ነገራችሁ? ማንም አልነገራችሁም። በልጅነታችሁ በትንሽ እንስራ ጀመራችሁ፣ ሰውነታችሁ ለመደ፣ ከዚያ ትልቁን አዘላችሁ። የሚዛን ቢስክሌትም ትንሹ እንስራ ማለት ነው።

የጎን ጎማዎቹስ?

ብዙ ሰው የሚያውቀው በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች ያሉትን ቢስክሌት ነው። በዕብራይስጥ «ጋልጋሌይ ኤዜር» ይሏቸዋል። በእነሱ የሚሄድ ልጅ ፔዳል ማዞር ይለምዳል፤ ጎማዎቹ ስለሚደግፉት ግን ቢስክሌቱ አያዘነብልም፣ ልጁም ማስተካከልን አይማርም። አንድ ቀን ጎማዎቹ ሲወልቁ ልጁ የሚችል መስሎት ይወጣል፣ ወዲያው ይወድቃል። ከባዱን ትምህርት ገና አልጀመረውማ። ያን ጊዜ ነው አባት ከኋላ ጎንበስ ብሎ ይዞ የሚሮጠው፣ ልጅም የሚያለቅሰው።

በጎን ጎማ የጀመረ ልጅ ካላችሁ ግን አትጨነቁ፣ ምንም አልተበላሸም። ሌላ ቢስክሌት መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል። የጎን ጎማዎቹንና ሁለቱን ፔዳሎች አውልቃችሁ መቀመጫውን ዝቅ ብታደርጉት ያው የሚዛን ቢስክሌት ይሆናል። ፔዳል የሚያወልቀው ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ይፈታል፤ የግራው ግን በተቃራኒው ነው፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው የሚፈታው። ይህን ያላወቀ ሰው ይበልጥ ያጠብቀዋል። የቢስክሌት ጠጋኝ ጋ ከወሰዳችሁት በጥቂት ደቂቃ ያወልቅላችኋል።

ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

ልጁ ደህና አድርጎ የሚራመድና ትንሽ የሚሮጥ ከሆነ መጀመር ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። 5 ዓመት የሞላውም አልዘገየም።

ከሁሉ የሚበልጠው የመቀመጫው ከፍታ ነው። ልጁ ሲቀመጥ ሁለት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ፤ ጉልበቱም ትንሽ እጥፍ ይበል። በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚነካ ከሆነ ቢስክሌቱ ትልቅ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ለኩት። ጫማ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ይቁም፤ ከእግሮቹ መገናኛ እስከ መሬት ያለውን በሜትር ለኩ። መቀመጫው ከዚያ ልክ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ለምሳሌ ልኩ 35 ከሆነ መቀመጫው 32 ወይም 33 ላይ ይሁን። «ያድግበታል» ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። ለልብስ ያስኬዳል፤ ለቢስክሌት ግን አይሆንም። እግሩ መሬት ያልደረሰ ልጅ ይፈራል፤ የፈራ ልጅ ደግሞ አይማርም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ቢስክሌቱ ከልጁ ክብደት ከሦስት አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ4 ኪሎ በላይ የሆነ ከባድ ነው። አንስታችሁ እዩት። ደግሞም አስቡት፤ ልጁ ሲሰለቸው ተሸክሞ ወደ ቤት የሚመልሰው ማነው? እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ጎማው ነው። አንዳንዱ ነፋስ የሚሞላ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር ነው። ነፋስ ያለው መሬት ይይዛል፣ ድንጋይም ላይ ይለሰልሳል። ስፖንጁ ቀላል ነው፣ አይፈነዳም። ለመናፈሻ ሁለቱም ይሆናሉ።

አዲስ መግዛት የግድ አይደለም። ልጆች በአንድ ሁለት ዓመት ስለሚያድጉበት፣ ያገለገለ ቢስክሌት በየሰፈሩ ይገኛል። ዘመድ ጠይቁ፣ ጎረቤት ጠይቁ፣ «ያድ ሽኒያ» የሚሸጡበትንም እዩ። ስትወስዱ መሪው እንዳልላላ፣ ጎማው ሳይንገጫገጭ እንደሚዞር፣ የተሰበረ ወይም ስለት ያለው ነገር እንደሌለው አረጋግጡ። የኑሮ ወጪ አስጨንቋችሁ ከሆነ ለዚህ ብላችሁ አትበደሩ።

ካስዳ የግድ ነው

በእስራኤል ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ቢስክሌት ሲነዳ ካስዳ ማድረግ አለበት። ቢስክሌቱ ትንሽ ቢሆንም፣ እግሩ መሬት ቢነካም አድርጉለት። የልጅ ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ሲወድቅ በራሱ ይቀድማል። «ታቭ ቴኬን» የሚለው ምልክት ያለበትን ምረጡ።

ካስዳው በትክክል መቀመጥ አለበት። ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ይኑር። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባሩ ከተገለጠ አይጠቅመውም። ማሰሪያዎቹ ከጆሮው ፊትና ኋላ ወርደው ከጆሮው ሥር ይገናኙ። ከአገጩ ሥር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ካስዳ ቢያምርም ይጣል፤ ስንጥቁ በዓይን ላይታይ ይችላል። ያገለገለ ቢስክሌት ውሰዱ፤ ካስዳ ግን አዲስ ይሁን።

አንድ ነገር አደራ፦ ልጁ ከቢስክሌቱ ወርዶ ወደ መንሸራተቻው ወይም ወደ መሰላሉ ሲሮጥ መጀመሪያ ካስዳውን አውልቁለት። ራሱ ያልፍና ካስዳው በብረቱ መካከል ሊያዝ፣ ማሰሪያውም ሊያንቀው ይችላል።

ጫማውም የተዘጋ ይሁን። ፍሬኑ እግሩ ነውና ነጠላ ጫማ አይሆንም።

የት ትወስዱታላችሁ?

ሜዳ የሆነ፣ የታጠረ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ ፈልጉ። መናፈሻ ወይም የማትናስ ግቢ ጥሩ ነው። የፎቅ ቤታችሁ የመኪና ማቆሚያ ግን አይሆንም። ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ነጂው ትንሽ ልጅ አያየውም፤ ቢስክሌት ላይ የተቀመጠ ልጅማ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ቁልቁለት፣ ደረጃና ከበሩ ወጥቶ በቀጥታ መንገድ የሚገናኝ ሚድራኻም አይሁን።

ይህን በተለይ ለእናንተ እንነግራችኋለን፦ ልጁ ሲለምድ ከእናንተ እርምጃ ይፈጥናል። ልትደርሱበት አትችሉም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ምልክት ስጡት። «እስከዚያ ዛፍ፣ ከዚያ ቁም፣ እኔን ጠብቅ» በሉት። «ቁም!» የሚለውን እንደ ጨዋታ አለማምዱት፤ እናንተ «ቁም!» ስትሉ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ እናንተም ታጨበጭባላችሁ። ይህን ሳይለምድ አጥር ወደሌለው ቦታ አትውሰዱት።

ትምህርቱ ደረጃ በደረጃ

አንደኛ፣ ልጁ ቢስክሌቱን በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ ቆሞ ይራመዳል። ገና አይቀመጥም። አንዳንዱ ልጅ በዚህ ብቻ ቀናት ይቆያል። ተዉት።

ሁለተኛ፣ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይራመዳል። መቀመጫውን ማመን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ እርምጃው ይረዝማል፣ ይሮጣል።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ሮጦ ሮጦ ሁለት እግሩን ያነሳል። ለትንሽ ጊዜ እግሩ መሬት ሳይነካ ይንሸራተታል። ሚዛን ለመደ ማለት ይኼ ነው። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልነገረውም።

የእናንተ ሥራ ምንድን ነው? መሪውን አትያዙ። መሪውን ከያዛችሁበት ልጁ ሲያዘነብል ማስተካከል አይችልም፣ የምታስተካክሉት እናንተ ትሆናላችሁ። በጣም ከፈራ ጀርባውን በእጃችሁ ነካ አድርጉት፣ ይበቃል። ጎማውን ሳይሆን ፊት ለፊት እንዲያይ ንገሩት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሳይሰለቸው አቁሙ፣ ነገ ራሱ ይጠይቃችኋል። አንዱ ልጅ በሳምንት ይንሸራተታል፣ ሌላው ወራት ይፈጅበታል። «የእንትና ልጅ እኮ ቻለ» አትበሉት።

ሲወድቅ

ይወድቃል። ያለመውደቅ የተማረ የለም። ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ ወይም መዳፉ ቢላጥ ነው። ልጁ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊታችሁን ነው። እናንተ ከጮኻችሁ እሱም ያለቅሳል። ትንሽ ቆም በሉ፣ ጠጋ ብላችሁ «አይዞህ» በሉት፣ ቁስሉን በውኃ እጠቡለት፣ ሲፈልግ ይነሳል።

«ተው፣ ትወድቃለህ!» የሚለው ቃል ከፍቅር እንደሚወጣ እናውቃለን። ልጁ ግን የሚሰማው «አትችልም» የሚለውን ነው። በእሱ ፋንታ ምን ማድረግ እንዳለበት ንገሩት፦ «ቀስ በል»፣ «ፊትህን እይ»፣ «እግርህን አሳርፍ»።

ራሱን ከተመታ ግን ልብ በሉ። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ሊነቃ ካልቻለ፣ ወይም አነጋገሩና አረማመዱ ከተለወጠ ወዲያው ወደ 101፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ደውሉ። ወላጆቹ እስኪመጡ አትጠብቁ።

የምትጠይቁን ጥያቄዎች

«ሴት ልጅስ?» የሚሉን አሉ። በገጠር ሳለን ልማዱ ስላልነበረ ጥያቄው ይገባናል። ቢስክሌት ሴትን ልጅ ይጎዳታል የሚባለው እውነት አይደለም። ሚዛን፣ ብርታት፣ በራስ መተማመን ለእሷም ያስፈልጋታል። ወንድሟ ሲሄድ እሷ ቆማ እንዳታይ።

«በሰንበትና በዮም ኪፑርስ?» የሚለውም አለ። በዮም ኪፑር መንገዱ ከመኪና ባዶ ስለሚሆን በዚህ አገር ብዙ ልጆች ኦፋናይም ይዘው ይወጣሉ። አስተሥርዮን በጾምና በጸሎት ላሳለፋችሁት ለእናንተ ይህን ማየት ቀላል አይደለም። ማውጣትና አለማውጣት የቤታችሁ ውሳኔ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ከልጁ ወላጆች ጋር ተነጋገሩበት፣ በልጁ ፊት ግን አትከራከሩ። የሚወጣ ልጅ ካለ ይህን እወቁ፦ በዚያ ቀንም አምቡላንስና ፖሊስ ይሄዳሉ፣ ትልልቅ ልጆችም በኤሌክትሪክ ኦፋናይም ይከንፋሉ። ትንሽ ልጅ ለብቻው አይለቀቅም፣ ካስዳም አይቀርም።

«3 ዓመት ሞልቶት መሮጥ ቢያቅተው፣ ዝም ብሎ ቢወድቅስ?» ቢስክሌት መድኃኒት አይደለም። ለወላጆቹ ንገሯቸው፤ ቲፓት ሀላቭ ወይም የልጆች ሐኪም ይየው። ቀድሞ መታየት ይጠቅማል እንጂ አያሳፍርም።

ወደ ፔዳል ሲሸጋገር

ልጁ ደጋግሞ እግሩን አንስቶ ሲንሸራተት፣ ሲዞርና ሲቆም ሳይፈራ ሲያደርገው ፔዳል ላለው ደርሷል። በአብዛኛው በ4 ወይም በ5 ዓመት ነው። የጎን ጎማ አታስገቡለት። እዚህም መቀመጫው ዝቅ ብሎ እግሩ መሬት ይንካ። የእጅ ፍሬኑን ቆሞ ሳለ መጀመሪያ አስጨብጡት፤ ከዚህ በኋላ በእግሩ ብቻ ማቆም አይበቃውም። ሚዛኑን ስለሚያውቅ የሚቀረው እግሩን ማዞር ብቻ ነው።

ከቢስክሌቱ ሌላ

ብዙዎቻችሁ «ልጁ በዕብራይስጥ ያወራል፣ እኔ በአማርኛ፤ አንግባባም» ትሉናላችሁ። በዚህ ትምህርት ላይ ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ቁም»፣ «ና»፣ «ቀስ»፣ «አይዞህ»፣ «ጎበዝ» ይበቃል። ልጁ ቃሉን ሰምቶ ወዲያው በሰውነቱ ስለሚያደርገው ይገባዋል። ስለዚህ ወደ ተሰባበረ ዕብራይስጥ አትሂዱ፣ በአማርኛችሁ ንገሩት። በየቀኑ ለሩብ ሰዓት አንድ ነገር የሚያደርገው ከአያቱ ጋር፣ በአያቱ ቋንቋ ከሆነ፣ ቢስክሌት ብቻ አይደለም የሚማረው።

ካስዳ ማስተካከል የምትፈልጉ፣ ፔዳል የሚያወልቅ ያጣችሁ፣ ወይም በሰፈራችሁ መኪና የማይገባበት ቦታ የቸገራችሁ ካላችሁ በሰፈራችሁ ወዳለው የረቫሃ ቢሮ ብቅ በሉ። አማርኛ የሚናገር ሰው ጠይቁ፤ ልጁንም ይዛችሁ ኑ።